ዊንዶውስ 11 ተጫነልኝ፤ ኮምፒውተሩ ፈጠነ፣ አማርኛው ግን ተበላሸ

አራት_ኪሎ_ጽሕፈት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ዕድሜ የጠገበ ፕሪንተር፣ በቃ። የሚመጡት ጥናታቸውን የሚያስተይቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ማመልከቻ የሚያጽፉ ሰዎች፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የእድር ጸሐፊዎች ናቸው።

ዋናው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነበር። ከጥቅምት ወዲህ «ድጋፉ አብቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ እየመጣ አላስቀምጥ አለኝ። አንዴ ዘጋሁት። ደግሜ ዘጋሁት። ከዚያ አንድ ደንበኛ አይቶ «ይሄ ነገር ቆይቶ ጣጣ ያመጣል» ሲለኝ ሰጋሁ፣ የሰው ፋይል የያዘ ኮምፒውተር ነዋ። ሰው የጠቆመኝ ቴክኒሺያን ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ወሰደው፣ ሰኞ ጠዋት መለሰው። «አፕግሬድ ሆኗል» አለ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ።

እስቲ ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ፈጥኗል። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈጥኗል። ድሮ ጠዋት አብርቼው፣ ደጁን ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ማዶ ካለችው ጀበና ቡና ጠጥቼ ስመለስ ነበር የሚነሳው። አሁን መጥረጊያውን ሳላነሳ ይጠብቀኛል። ዎርድ፣ ክሮምና ቴሌግራም አንድ ላይ ከፍቼም አይንቀራፈፍም። መልኩም ደስ ይላል፣ ጥጋ ጥጉ ሁሉ ክብ ክብ ብሏል።

ያልለመድኩት ደግሞ አለ። ስታርት የሚለው መሃል ላይ መጥቶ ቁጭ ብሏል። እጄ ከስንት ዓመት ልምድ ጋር ወደ ግራ ጥግ ሮጦ ይሄድና እዚያ ባዶ ቦታ ሲጫን ይውላል። ቀኝ ክሊክ ሳደርግ ኮፒና ፔስት ትንንሽ ሥዕል ሆነዋል፣ የምፈልገው ነገር ሁሉ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው ጀርባ ተደብቋል። ሰዓቱ ደግሞ የሌላ አገር ነው፣ ሰኞ ጠዋት ላይ ሆኜ ኮምፒውተሩ እሑድ ማታ ይለኛል። አዲስ አበባን ፈልጌ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት፣ የለችም።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደል። የጨነቀኝ አማርኛው ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ተማሪ መጣ። ጥናቱን እኔው ነኝ የተየብኩለት፣ አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ አርሞለት «ገጽ 37 ሁለተኛው አንቀጽ ይስተካከል» ብሎታል። ፋይሉን ከፍቼ ገጽ 37 ስሄድ ሌላ ነገር ነው ያለው፣ የተባለው አንቀጽ ገጽ 40 ላይ ነው። ታች ሳይ 84 ገጽ የነበረው 91 ሆኗል! ማውጫውን ደግሞ በእጅ ነው የጻፍነው፣ አንዱም ቁጥር አይገጥምም። ፊደሉም ያ የለመድነው ወፈር ቀጠን የሚለው አይደለም፣ ሁሉም እኩል ውፍረት ያለው፣ የታፔላ ጽሑፍ የሚመስል ነገር ሆኗል። የሚገርመው የፎንት ሳጥኑ ውስጥ አሁንም «ኒያላ» ይላል። ልጁ አጠገቤ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ ስክሪኑን ያያል።

ሌላም አለ። የ1994 ዓ.ም. የእድር መተዳደሪያ ደንብ ነበረኝ፣ በየጊዜው አንዳንድ አንቀጽ እያሻሻልን የምናትመው። እሱን ስከፍት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የፓውንድ ምልክት፣ ጭረት የተጣለበት «ኦ»፣ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። በሲዲ ያለኝን የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ልጫን ብል ይሄ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም አለኝ። ፕሪንተሩም አልታወቀም። ዴስክቶፕ ላይ የነበሩ ፎልደሮቼም የሉም፣ የቀረልኝ ዲ ድራይቭ ላይ የነበረው ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ወደ 10 ልመለስ ወይስ ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው? ሰኔ እየደረሰ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይበው ሰው ሊሰለፍብኝ ነው።

---

ሜክሲኮ_ጥገና፦

ወንድሜ አይዞህ፣ አብዛኛው ይስተካከላል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንተ ጋ አፕግሬድ የሚባል ነገር አልተደረገም። ፎርማት ነው የተደረገው፣ ዊንዶውሱ ከዜሮ እንደ አዲስ ነው የተጫነው። አፕግሬድ ቢሆን ኖሮ ፎልደሮችህም፣ ፎንቶችህም፣ ፕሮግራሞችህም እንዳሉ ነበር የሚሻገሩት። ሲ ድራይቭ ውስጥ ግባና «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚል ፎልደር ካለ እይ። ካለ ዕድለኛ ነህ፣ የድሮው ዴስክቶፕህ እዚያ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለው ስር ተቀምጧል፣ ቶሎ ብለህ ወደ ዲ ገልብጠው፣ ምክንያቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ዊንዶውሱ ራሱ ያጠፋዋል። ከሌለ ዲስኩ ጸድቷል ማለት ነው። «ወደ ድሮው ተመለስ» የሚለው የ10 ቀን ዕድልም ለአፕግሬድ እንጂ ለፎርማት አይሠራም።

ኒያላን በተመለከተ፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ በሳምንት ስንት ሰው ይዞብኝ ይመጣል መሰለህ። ኒያላ ከቪስታ ጊዜ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ፎንት ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ከዋናው ጭነት ወጥቶ፣ የሚፈልገው ሰው ብቻ እንዲያወርደው ተደርጓል። ስለዚህ ሰነድህ «ኒያላ ስጠኝ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ የለኝም ብሎ ኤብሪማ የሚባለውን ይተካበታል። ኤብሪማ የራሱ ስፋትና ከፍታ አለው። አንዱ መስመር ላይ አንዲት ቃል ወደ ታች ስትወርድ ሌላውን ትገፋለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 84ቱ 91 ይሆናል። ሳጥኑ ውስጥ «ኒያላ» ማለቱ አያታልልህ፣ ዎርድ የሰነዱን ፍላጎት ነው የሚጽፈው፣ ያለውን አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴቲንግ ክፈት፣ ፍለጋው ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለህ ጻፍ፣ ጨምር የሚለውን ተጫን፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መርጠህ ጫን። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሲጨርስ ዎርድን ዘግተህ እንደገና ክፈት። አማርኛን ቋንቋ ላይ ብትጨምርም አብሮ ይወርዳል፣ ኪቦርዱም ይመጣልሃል፣ ከዚያ በዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትቀያይራለህ።

ስታርቱን ወደ ግራ ለመመለስ ታስክባሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሴቲንግ፣ ታች «ቢሄቪየርስ» የሚለው ውስጥ «ሌፍት» አድርገው። ቀኝ ክሊኩን ደግሞ ሺፍት ይዘህ ብትጫነው በቀጥታ የድሮው ዝርዝር ይመጣልሃል። ሰዓቱን ናይሮቢ አድርገው። አትሳቅ፣ እኛ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የምንገኘው ናይሮቢ ስር ነው፣ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደፊት።

ለመሆኑ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው?

---

አራት_ኪሎ_ጽሕፈት፦

እህት ነኝ 😀 ግን በጣም አመሰግናለሁ። ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚባል የለም። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ የለም። ሰዓቱን ናይሮቢ አደረግሁት። ልክ ሆነ፣ ቢሆንም ደስ አላለኝም።

ኮምፒውተሩ ኮር አይ 5 ነው፣ 6ኛ ትውልድ ይላል ሲገዛ የተለጠፈበት ወረቀት። ዩዝድ ነው የገዛሁት። ራሙ 8 ጂቢ ነው፣ አራቱን በኋላ ነው ያስጨመርኩት። እሱ እንኳ ያኔ ምንም ለውጥ አላመጣልኝም ነበር፣ ገንዘቤን ነው የበላው።

---

ሜክሲኮ_ጥገና፦

ይቅርታ እህቴ! «ጽሕፈት» ሲል ወንድ መሰለኝ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

6ኛ ትውልድ ከሆነ በደንቡ ዊንዶውስ 11 አይገባውም ነበር። ለኢንቴል የተቀመጠው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ነው፣ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ሰውየው ምርመራውን በሚያስዘልል ፍላሽ ነው የጫነልሽ ማለት ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ይሠራል። ግን አፕዴት ለመምጣቱ ዋስትና የለውም፣ በየዓመቱ የሚመጣው ትልቁ አፕዴት ደግሞ በራሱ አይመጣልሽም፣ እንደገና በእጅ መጫን ሊኖርብሽ ነው። ይሄን ሳይነግርሽ መሄዱ ነው እኔን ያናደደኝ።

---

ቡና_አለ፦

እኔ እስካሁን ዊንዶውስ 7 ላይ ነኝ። ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ነው ያለቀው። ጥምቀት ሊሆን ስድስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጥምቀት አለፈ፣ ኮምፒውተሬ አልሞተም 😂

---

ለገሃር_ኔትወርክ፦

@ቡና_አለ አልሞተም፣ ግን ፍላሽህን የእኔ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰካ።

@አራት_ኪሎ_ጽሕፈት እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የድሮው ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት (የድሮው ዓይነት) ነበር ወይስ ባለ 64 (አዲሱ)? የጠየቅሁሽ ራም ጨምሬ ለውጥ አላመጣም ስላልሽ ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጂቢ በላይ ራም አይጠቀምም። ስምንት ብታደርጊው፣ አሥራ ስድስት ብታደርጊው፣ የሚያየው ሦስት ምናምን ነው። የተቀረው ሳጥኑ ውስጥ ተሰክቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ያ ከሆነ ደግሞ ቴክኒሺያኑን ትንሽ ልከላከልለት ነው። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የሚባል የለውም፣ 64 ብቻ ነው። ከ32 ወደ 64 ደግሞ በአፕግሬድ መሻገር አይቻልም፣ ያለው መንገድ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ መጫኑ ግዴታ ነበር። ማድረጉ አይደለም ጥፋቱ። ሳይጠይቅሽና ፋይሎችሽን ሳያወጣ ማድረጉ፣ ከዚያ ደግሞ አፕግሬድ ብሎ መጥራቱ ነው።

ፕሪንተርሽም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የ32 ቢት ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ 64 ላይ አይጫንም። ከሲዲው አትጫኚ፣ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሞዴሉን ጽፈሽ የ64 ቢቱን ፈልጊ። ያ በሲዲ ያለሽ የአማርኛ ፕሮግራምም በጣም የቆየ ከሆነና ባለ 16 ቢት ከሆነ በቃ ተሰናበቺው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 16 ቢት ነገር ጨርሶ አይነሳም።

---

አራት_ኪሎ_ጽሕፈት፦

ወይኔ!! ራሙን ያስጨመርኩ ጊዜ ለሻጩ ልኬለት የነበረውን ፎቶ ከቴሌግራም ፈልጌ አገኘሁት። «8 ጂቢ» ይልና በቅንፍ «3.44 ዩዘብል» ይላል። ያኔ እሱም አላብራራልኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛሁት ራም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እኔ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ቡና ስጠጣ ነበር ማለት ነው። የፈጠነውም ለዚህ ነው ለካ፣ እኔ ደግሞ 11ዱን እያመሰገንኩ።

---

ጡረተኛው_ታይፒስት፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እድሩ ሰነድ ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልሞክር፣ ልጄ። ሥራዬን የጀመርኩት በአማርኛ ታይፕራይተር ነው፣ ከዚያ በኮምፒውተር ሲመጣም አብሬ ገባሁ፣ ስለዚህ ይህን ነገር ከሥሩ አውቀዋለሁ።

ታይፕራይተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መርገጫ አልነበረም። የት ይበቃል? ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ እነ ሏን፣ ሟን፣ ቋን ሳንጨምር። ስለዚህ ፊደሉን እንመታና ቅጥያውን ደግሞ ለብቻው እንመታበታለን። ካዕብ ካስፈለገ ጎኑ ላይ፣ ሣልስ ካስፈለገ እግሩ ላይ። ጥሩ ታይፒስት የሚለየው ቅጥያው ፊደሉ ላይ በትክክል ሲያርፍ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣም ያው ችግር ተከተለን። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው የእንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ያደረጉት፣ በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል መሳል ነበር። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ታይፕራይተሩ ቅጥያ አድርጎ ቀጣጠለው። ይህ ያኔ ትልቅ ብልሃት ነበር፣ ማንም እንዳይንቀው። የእኛ ቢሮ ሥራ በሙሉ በእሱ ነው የተሠራው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው «ሀ» አይደለም። የተቀመጠው የፓውንድ ምልክት ነው እንበል፣ ያን ምልክት «ሀ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ የፓውንድ ምልክቱ ይወጣል። ያንቺ ሰነድ አልተበላሸም፣ ልብሱን ነው ያወለቀው።

በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው የእኛ ፊደል የራሱን ቦታ ያገኘው። «ሀ» 1200 የሚባል ቁጥር አላት፣ በየትኛውም ስልክ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ያው 1200 ናት። ለዚህ ነው የተማሪው ጥናት ፎንቱ ቢቀየርም የሚነበበው። የተጻፈው በዩኒኮድ ነው። የእድሩ ደንብ ግን ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ነው፣ በ1994 ዓ.ም. ብዙ ቢሮ ገና አልተሻገረም ነበርና።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሰነዱን ከፍተሽ አንዱ መስመር ላይ ጠቅ አድርጊና የፎንት ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ስም አንብቢ። ግዕዝ 1 ወይም ቪጂ2 ሜይን የሚል ነገር ሊሆን ይችላል። ያንን ፎንት ከአሮጌው ሲዲ ውስጥ ወይም ከሌላ የሥራ ባልደረባ ፈልገሽ ጫኚው። ፕሮግራሙ ባይሠራም የፎንት ፋይሉ ብቻውን ይጫናል። ሰነዱ ያኔ ይነበባል። ከዚያ አንዴ ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው፣ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። ከቀየርሽው በኋላ ግን ማንበብ አይቀርም፣ በተለይ እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳን አይተሽ እለፊ፣ እነሱ ላይ ይሳሳታል። ቁጥሮቹንም አደራ፣ የእድር ደንብ ላይ የተሳሳተ የመዋጮ ቁጥር ጠብ ያስነሳል።

---

አራት_ኪሎ_ጽሕፈት፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን አየሁት፣ እንዳሉት ግዕዝ 1 ነው የሚለው። ሲዲው ውስጥ ፎንት የሚል ፎልደር አለ፣ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

---

ሚንት_በሻይ፦

እኔ ደግሞ ሌላ መንገድ ልጠቁም፣ እንዳትቆጡኝ። እኔ ጋ ያለው ላፕቶፕ ከእሷም ይብሳል፣ 4 ጂቢ ራም ነው። ጥቅምት ላይ የዊንዶውስ 10 ነገር ሲያበቃ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት 22 የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩበት። የመጀመሪያው ቀን ስሜቴን ልንገራችሁ፣ ቤት የቀየርኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ በጨለማ ስትዳብስ እንደሚሰማው ዓይነት። በሁለተኛው ሳምንት ለመድኩት። ጸጥ ያለ ነው፣ አፕዴት ልጫን ብሎ በራሱ አያጠፋብህም። ስትጭነው ደግሞ ከተማ ምረጥ ይላል፣ ካርታው ላይ አዲስ አበባ አለች! ናይሮቢ አልሆንኩም 😀

አማርኛ መጻፊያው «ሴራ» በሚባለው አጻጻፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ ድምፁን ስትጽፍ ይቀይረዋል። ሸን በኤክስ መጻፍ ትንሽ ያስቸግራል መጀመሪያ፣ «ሽንኩርት» ልጽፍ ብዬ «ስህንኩርት» ስጽፍ ነበር። ፎንት ደግሞ አቢሲኒካ የሚባል በነጻ አለ፣ ውብ ነው፣ የብራና ጽሑፍ ይመስላል። ድጋፉ እስከ 2029 እንደ ፈረንጆቹ ነው።

---

ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ፦

@ሚንት_በሻይ ወንድሜ ለራስህ ጥሩ ነው፣ ለጽሕፈት ቤት ግን አይሆንም። እኛ ዎርድ ፋይል ይዘን ነው የምንመጣው። ሊኑክስ ላይ ዎርድን በሚተካው ሊብሬኦፊስ ሲከፈት ሠንጠረዡም ግርጌ ማስታወሻውም ቦታ ይለቃል፣ አማካሪዬ ደግሞ ሠንጠረዥ ከገጽ ገጽ ከተቆረጠ አያነብም።

እህቴ፣ እንደ ደንበኛ አንድ ልለምንሽ። ማውጫ በእጅ አትጻፉልን። ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል አድርጊና ማውጫውን ዎርድ ራሱ እንዲያወጣው አድርጊ፣ ገጹ ሲቀየር ቀኝ ክሊክ አድርጎ «አፕዴት ፊልድ» ማለት ብቻ ነው። እኔ ባለፈው ሌላ ቤት ያስተየብኩት ላይ ማውጫው በነጥብ ነጥብ ነጥብ ተሞልቶ ነበር፣ አንዱን ርዕስ ስቀይር ነጥቦቹ ሁለተኛ መስመር ላይ ወረዱ፣ ሌሊቱን ነጥብ ስቆጥር አደርኩ። ለሕትመት ስትልኪ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ፎንቱ ውስጡ ይገባል፣ የትም ቢከፈት ገጹ አይነቃነቅም።

---

ሚንት_በሻይ፦

እሱስ እውነት ነው፣ ዎርድ ላይ ለሚውል ሰው አልመክርም። እኔ ኮድ ነው የምጽፈው።

---

ሜክሲኮ_ጥገና፦

ሁለተኛው ኮምፒውተርሽ አሁንም 10 ከሆነ አሁን አትንኪው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ለተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት የመመዝገቢያ ማስፈንጠሪያ ሊመጣልሽ ይችላል፣ ከመጣ ተመዝገቢ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ባክአፕ ካደረግሽ ክፍያ የለውም። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያደርስሻል፣ የሰኔው ግርግር በሰላም ያልፋል። መጀመሪያ 22ኤች2 የሚባለው ቨርሽን ላይ መሆኑን አረጋግጪ።

ሌላ፣ በስልክሽ ሆትስፖት ነው የምትሠሪ ከሆነ የዋይፋይ ሴቲንጉ ላይ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሪው፣ አለበለዚያ አፕዴቱ ጥቅልሽን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫም ዴስክቶፕሽን በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ልጫን እያለ እንደሆነ እይ። ለሰው ፋይል ባክአፕ ጥሩ ነበር፣ ግን ነጻው ቦታ 5 ጂቢ ብቻ ነው፣ ዳታም ይበላል። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዢ፣ ዓርብ ዓርብ ገልብጪ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

---

አራት_ኪሎ_ጽሕፈት፦

ለጠየቃችሁኝም ላልጠየቃችሁኝም ሪፖርት ላቅርብ።

ኒያላ ወረደ። ዎርድን ዘግቼ ስከፍት ታች ያለው ቁጥር 91 ነበር፣ ከዚያ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ራሱን ሲቆጥር ቆየና 84 አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጁን ደወልኩለት፣ እየሮጠ መጣ፣ ገጽ 37 ላይ ያ አንቀጽ ራሱ ቁጭ ብሏል። አርመን አተምን። ማውጫውንም በሄዲንግ አደረግሁለት፣ ስድስት ኪሎ ስማ 😀

ፕሪንተሩ የ64 ቢት ድራይቨሩ ተገኝቶለት ማተም ጀምሯል፣ ስካኑ ግን አልሠራም፣ እሱን ትቼዋለሁ፣ በፎቶ ኮፒ ማሽኑ እጠቀማለሁ። የጠፉት ፋይሎች ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። ደንበኞቼ ሁሉ ፋይል የሚልኩልኝም እኔ መልሼ የምልክላቸውም በቴሌግራም ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ከየቻቱ እየገባሁ አወረድኳቸው፣ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ከሞላ ጎደል ተገኝቷል። ያልተገኘው በፍላሽ የመጡት ናቸው። አንዲት እናት ለልጃቸው የውርስ ጉዳይ ያጻፉት ማመልከቻ ጠፍቷል፣ እሳቸው የታተመው ቅጂ ስላላቸው በነጻ መልሼ ልተይብላቸው ነው።

ቴክኒሺያኑን ደወልኩለት። አልተቆጣሁም። «ፎርማት መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ያው ነው ብዬ ነው» አለኝ። ያው አይደለም አልኩት፣ እሱም እሺ አለ፣ በዚሁ ተለያየን።

ወደ 10 አልመለስም። ስምንቱን ጂቢ ካየሁ በኋላ ማን ይመለሳል? ዓመታዊው አፕዴት አይመጣም ያላችሁትን ግን ልብ ብያለሁ፣ ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩን ራሱን ለመቀየር አስባለሁ። ስታርቱን ወደ ግራ መልሼዋለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ደግሞ ሠራ። ፎንቱ ብቻውን ተጫነ፣ የእድሩ ደንብ እንዳለ ወጣ። ወደ ዩኒኮድ ቀይሬው እያነበብኩ ነው፣ አንቀጽ 12 ላይ ደርሻለሁ። እንዳሉትም ቋ ያለበት ቦታ ሁሉ ተበላሽቷል፣ «ቋሚ ኮሚቴ» የሚለው ሦስቱም ቦታ ላይ «ቀሚ ኮሚቴ» ሆኖ ነው የወጣው። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ያኔ የቃላት መለያ ሁለት ነጥቡን በየቃሉ መሃል ይመቱ ነበር፣ አሁን ልተወው ወይስ ላጥፋው? ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፣ ካልኖረ ያዝናሉ ብዬ ነው።

---

ጡረተኛው_ታይፒስት፦

ተይው ልጄ። እኔም አዝናለሁ።